«ተቀምጧል» ብሎ የማያስቀምጥ ገጽ፦ የአድሚን ፎርሞች ብልሽትና ጥገና ከ1993 እስከ ዛሬ

ድረ ገጽ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ለባለሙያ ከሚያቀርቧቸው አቤቱታዎች መካከል «ሴቭ እላለሁ፣ አይቀመጥም» የሚለውን የሚያህል የለም። አንዱ ጋ ቁልፉን ሲጫኑት ምንም አይልም። ሌላው ጋ ገጹ ነጭ ሆኖ ይመለሳል፤ ወይም ሳይታሰብ የመግቢያ ገጹ ይከፈትና የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ከሁሉም የሚከፋው ግን አረንጓዴ ሳጥን ብቅ ብሎ «ተቀምጧል» ካለ በኋላ ተመልሰው ሲያዩ የድሮው ጽሑፍ እንዳለ ቁጭ ብሎ የሚገኝበት ነው።

ይህ ዳሰሳ የዚህን ችግር የሠላሳ ዓመት ጉዞ ይከተላል፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። ጉዞውን ስከተል ጎልቶ የታየኝ ነገር ብልሽቱ እየተወሳሰበ የሄደው በአብዛኛው በጥበቃ ብዛት መሆኑ ነው። አንድን አደጋ ለመከላከል የገባ ገደብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአርታኢን ሥራ የሚበላ ሆኖ ይገኛል፤ ሲበላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰማም። ገደቦቹ አስፈላጊ ናቸው፤ ማንም እንዲነሱ አይመክርም። የሚያንገበግበው ዝምታቸው ነው።

አድሚን ገጹን ለይቼ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ለጎብኚ የተዘጋጀ የመልእክት ፎርም ሦስት አራት ሳጥን ቢኖረው ነው። ከበስተጀርባ ያለው ገጽ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ሳጥኖች፣ ረጃጅም ጽሑፎች፣ ትላልቅ ፎቶዎች፣ የሥልጣን ደረጃዎች አሉት፤ ተከፍቶም ለሰዓታት ይቆያል። ስለዚህ በፎርም ላይ የሚወጣ ማንኛውም አዲስ ሕግ መጀመሪያ የሚሰብረው እሱን ነው። የሚጎዳውም ኮዱን የጻፈው ሰው ሳይሆን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ዜና ሲጽፍ የዋለው ነው።

የጮኸው ዘመን

ፎርም በድር ላይ የተለመደው ከ1993 በኋላ ነው። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሱፐርኮምፒውተር ማዕከል የሞዛይክ ብራውዘርንም፣ ሲጂአይ የተባለውን ከሰርቨር ፕሮግራም ጋር መነጋገሪያ ዘዴም ያወጡት በዚያ ጊዜ ነበር። በኅዳር 1995 ፎርሞችን ያካተተው ኤችቲኤምኤል 2.0 በሰነድ ታተመ፤ በዚያው ወር በፎርም ፋይል የመላኩ ዘዴም ተጻፈ።

የዚያ ዘመን ብልሽት አንድ ደግ ጠባይ ነበረው፤ ይጮሃል። የፐርል ፕሮግራሙ የመሮጥ ፈቃድ ካልተሰጠው፣ ወይም ከዊንዶውስ ኮምፒውተር በኤፍቲፒ ሲጫን የመስመር መጨረሻ ምልክቶቹ ሳይለወጡ ከቀሩ፣ ስህተት 500 ፊት ለፊት ይመጣል። አስተዳዳሪው በቴልኔት ገብቶ የፋይሉን ፈቃድ 755 ያደርጋል፤ የስህተት መዝገቡን ያነባል፤ ይስተካከላል። ማንም «ተቀምጧል» ተብሎ አልተታለለም።

ሆኖም በዚያ ዘመን የተደነገጉ ሦስት ሕጎች እስከ ዛሬ ሰው ያደክማሉ። ስም የሌለው ሳጥን አይላክም። የተሰናከለ፣ ማለትም ግራጫ የሆነ ሳጥን አይላክም። ምልክት ያልተደረገበት ቼክቦክስም አይላክም። የመጨረሻውን ጠጋ ብለን እንየው። አርታኢዋ «በፊት ገጽ ይታይ» ከሚለው ሳጥን ላይ ምልክቱን አንስታ ሴቭ ትላለች። ብራውዘሩ ስለዚያ ሳጥን አንዲት ቃል ወደ ሰርቨሩ አይልክም። ሰርቨሩ ላይ ያለው ኮድ ደግሞ «ያልመጣ ነገር ያልተለወጠ ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል። ገጹ «ተቀምጧል» ይላል፤ ዜናው ግን ከፊት ገጹ አይወርድም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከቼክቦክሱ በፊት ያንኑ ስም የያዘ፣ ዋጋው ዜሮ የሆነ ድብቅ ሳጥን ማስቀመጥ። ሬይልስ የተባለው የድር መሥሪያ ይህን በራሱ ያደርገዋል። ይህን የማያደርጉና ፕሮግራመሩ እንዲያስታውስ የሚጠብቁ ሌሎች ብዙ መሣሪያዎች አሉ፤ ስለዚህም ስህተቱ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይወለዳል።

ፒኤችፒ በ1995 ሲመጣ ሥራውን እጅግ አቀለለው። ራስመስ ሌርዶርፍ ያወጣው ይህ መሣሪያ በመጀመሪያ ዘመኑ የ«ፎርም ተርጓሚ» ማዕረግ በስሙ ላይ ነበረው። ከፎርሙ የመጣው ሁሉ ወዲያው ተለዋዋጭ ሆኖ ኮዱ ውስጥ ይገኛል። ምቾቱ አደገኛ ነበር፤ ማንም ጎብኚ በአድራሻው ላይ ጥቂት ቃላት ጨምሮ የኮዱን የውስጥ ተለዋዋጮች መጻፍ ይችል ነበር። በሚያዝያ 2002 የወጣው 4.2.0 ያንን በር በነባሪነት ዘጋው። በበነጋታው የአሮጌ አድሚን ገጾች ፎርሞች ባዶ መቀበል ጀመሩ፤ ብዙ ሆስቲንግ ድርጅቶችም ደንበኛ ሲጮህባቸው በሩን መልሰው ከፈቱት። በመጋቢት 2012 የ5.4 መውጣት ጉዳዩን ለዘለቄታው ዘጋው። የዚያ ዘመን ሌላ ትዝታ በራሱ የሚጨመረው የኋላ ሰረዝ ነው። ጽሑፉ ውስጥ አንድ የጥቅስ ምልክት ካለ ከፊቱ ሰረዝ ይገባል፤ ተከፍቶ እንደገና ሴቭ ሲደረግ ሰረዙ ይራባል። አምስት ጊዜ የታረመ ጽሑፍ በሰረዝ ተሞልቶ ይገኝ ነበር። እሱም በዚያው ቅጂ ተወገደ።

ቶከን፣ ሴሽንና የጠፉ ጽሑፎች

በግንቦት 2005 ጉግል ዌብ አክስለሬተር የተባለ ገጽ አፋጣኝ ፕሮግራም አወጣ። ፕሮግራሙ ተጠቃሚው ገና ሳይጫናቸው ሊንኮችን አስቀድሞ ይከፍት ነበር። በብዙ አድሚን ገጾች ላይ ግን «ሰርዝ» የሚለው ነገር ተራ ሊንክ ነበር፤ ስለዚህ አክስለሬተሩ ገብቶ የሰዎችን ሥራ ሰረዘ። ቤዝካምፕን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ተጠቃሚዎች ይህ ደርሶባቸዋል። መረጃ የሚለውጥ ነገር ሁሉ ፖስት በተባለው የመላኪያ ዘዴ መላክ አለበት የሚለው አሮጌ ሕግ ያኔ ብቻ በትክክል ተሰማ።

በፖስት መላኩም የራሱ ጣጣ ነበረው። ኔትወርኩ በሚያዘግምበት ቦታ፣ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር፣ ገጹ ሳይመለስ ሲቀር ሰው ደግሞ ይጫናል፤ አንዱ ዜና ሁለት ሆኖ ይወጣል። ትክክለኛው መፍትሔ መረጃው ከተቀመጠ በኋላ ተጠቃሚውን ወደ ሌላ አድራሻ መምራት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ገጹን ማደስ መረጃውን ደግሞ አይልክም። ለሁለተኛው ጠቅታ ደግሞ ሰርቨሩ አንዴ የተቀበለውን ለይቶ ማወቅ አለበት። ብዙዎች ግን አቋራጭ መርጠው ቁልፉን በጃቫስክሪፕት ወዲያው ማሰናከል ጀመሩ። የተሰናከለ ነገር አይላክም ያልነው ሕግ እዚህ ላይ ይመጣል። ገጹ «አትም» እና «ረቂቅ አድርገህ አስቀምጥ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ካሉት፣ የትኛው እንደተጫነ ሰርቨሩ የሚያውቀው በቁልፉ ስም ነው። ቁልፉ ገና ሳይላክ ሲሰናከል ስሙ ይቀራል። አርታኢው «አትም» ብሎ ጽሑፉ ረቂቅ ሆኖ ያድራል።

በዚሁ ጊዜ ሌላ አደጋ ታወቀ። አስተዳዳሪው አድሚን ገጹን ከፍቶ ሳለ ሌላ ተንኮለኛ ገጽ ቢጎበኝ፣ ያ ገጽ በአስተዳዳሪው ስም ፎርም ሊልክ ይችላል። መከላከያው በእያንዳንዱ ፎርም ውስጥ የማይገመት ምስጢራዊ ቁጥር፣ ማለትም ቶከን ማስገባት ነበር። ዎርድፕረስ በ2006፣ ሬይልስ በታኅሣሥ 2007 በቅጂ 2.0፣ ጃንጎ የተባለው የድር መሥሪያ በግንቦት 2010 በቅጂ 1.2 የዛሬውን መልክ ያዙ። ያለዚህ መከላከያ ዛሬ አንድም አድሚን ገጽ ተማምኖ ባልሠራ ነበር። ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ፎርሜ አልሄደም» የሚለው አቤቱታ ግማሽ መንገዱ ቶከን ሆነ። ቶከኑ ዕድሜ አለው፤ የዎርድፕረሱ ቢበዛ ሃያ አራት ሰዓት ይቆያል። ገጹን ያከማቸ ካሽ ያረጀ ቶከን ያቀርባል። በአንድ ታብ ወጥቶ እንደገና የገባ ሰው በሌላው ታብ የተከፈተው ፎርሙ ዋጋ ያጣበታል። የላራቬል ተጠቃሚዎች 419 የሚለውን ቁጥር የሚያውቁት ከዚህ ነው።

ከቶከኑ ይልቅ ብዙ ጽሑፍ ያጠፋው ግን ሴሽን፣ ማለትም ሰርቨሩ የገባውን ሰው የሚያስታውስበት መዝገብ ነው። ፒኤችፒ ያልተነካ ሴሽንን ጠርጎ ለመጣል የሚጠብቀው ነባሪ ጊዜ 1440 ሰከንድ፣ ማለትም ሃያ አራት ደቂቃ ነው። ሃያ አራት ደቂቃ ለባንክ ገጽ ይበቃ ይሆናል፤ የሚጽፍ ሰው ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለተኛውን አንቀጽ አይጨርስም። ሲጽፍ ደግሞ ብራውዘሩ ከሰርቨሩ ጋር አይነጋገርም። ሴቭ ሲል ሰርቨሩ ማን እንደሆነ አያውቀውም፤ ወደ መግቢያ ገጽ ይመራዋል፤ የጻፈውም በዚያ ምሪት ላይ ይወድቃል።

በዚህ ሁሉ ዘመን ከታየው ጥገና የማከብረው በነሐሴ 2013 በዎርድፕረስ 3.6 የመጣውን ነው። ገጹ በየተወሰነ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር በዝግታ ይነጋገራል፤ መግቢያው ካለፈበት ጽሑፉን ሳይነካ በላዩ ላይ የመግቢያ መስኮት ይከፍታል፤ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ሴቭ የሚለውን ቁልፍ ይቆልፍና ለሰውየው ይነግረዋል፤ የጽሑፉንም ግልባጭ በብራውዘሩ ውስጥ ያስቀምጣል። መብራት በሚጠፋበት፣ የሞባይል ዳታ በሚቆራረጥበት አገር ለሚሠራ ጋዜጠኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የተሠሩ ስንትና ስንት በልክ የተሰፉ የአስተዳደር ሲስተሞች ይህን አለመማራቸው ነው።

አንድ ሺህ

ከቁጥሮች ሁሉ ብዙ ችግር ያመጣው 1000 ይመስለኛል። ታሪኩ እንዲህ ነው። በታኅሣሥ 2011 በርሊን ላይ በተደረገው የካኦስ ኮምፒውተር ክለብ ዓመታዊ ጉባኤ፣ አሌክሳንደር ክሊንክና ዩሊያን ቬልደ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ አጥቂ ስማቸው ሆን ተብሎ የተመረጠ እጅግ ብዙ ሳጥኖች ያሉት አንድ ጥያቄ ብቻ ልኮ ሰርቨርን ማሰር እንደሚችል አሳዩ። ጉዳዩ ፒኤችፒን፣ ኤኤስፒ ዶት ኔትን፣ ጃቫንና ሌሎችንም የሚነካ ነበር። ማይክሮሶፍት ዓመቱ ሳይወጣ አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣና ከአንድ ፎርም የሚቀበለውን በ1000 ወሰነ። ፒኤችፒም በጥር 2012 በ5.3.9 ቅጂ ማክስ ኢንፑት ቫርስ የሚባል ቅንብር አመጣ፤ ነባሪው እዚህም 1000 ነው።

አንድ ሺህ ሳጥን ያለው ፎርም ማን ይሠራል የሚል ሰው የዎርድፕረስን ሜኑ ማዘጋጃ ገጽ ይመልከት። በሜኑው ላይ ያለ እያንዳንዱ መስመር ርዕሱን፣ አድራሻውን፣ ተራ ቁጥሩን፣ ከማን ሥር እንደሆነና ሌላውን ሁሉ ይዞ ከአሥር በላይ ሳጥን ይልካል። በክልል፣ በዞንና በዘርፍ የተከፋፈለ የዜና ገጽ ሜኑው ሰማንያ ዘጠና መስመር ሲደርስ አንድ ሺህ ይሞላል። አርታኢዋ «ስፖርት» ሥር አንድ መስመር ጨምራ ሴቭ ትላለች። ፒኤችፒ የመጀመሪያዎቹን አንድ ሺህ ተቀብሎ የቀሩትን ይጥላል፤ ማስጠንቀቂያውንም ብዙ ጊዜ ማንም በማይከፍተው መዝገብ ላይ ይጽፋል። ገጹ «ሜኑው ተሻሽሏል» ይላል፤ ከታች ያሉት መስመሮች ግን የሉም። ደግማ ትጨምራለች፤ ደግመው ይጠፋሉ። ፕለጊን ታጠፋለች፣ ቴም ትቀይራለች፣ ብራውዘሩን ትከሳለች። የድሩፓል የፈቃድ ሰንጠረዥና ብዙ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አድሚን ገጽም በዚሁ ተመትተዋል። ዎርድፕረስ በ2016 የሜኑውን መረጃ በአንድ ሳጥን ውስጥ ጠቅልሎ በመላክ ችግሩን ከራሱ ላይ አነሳ።

ጃንጎ በነሐሴ 2016 በ1.10 ቅጂ ያንኑ 1000 አስገባ፤ ነገር ግን ገደቡ ሲታለፍ ጠቅላላ ጥያቄውን ይመልሳል። ኤኤስፒ ዶት ኔትም እንዲሁ። ይህ ከባድ ቢመስልም ትክክለኛው ነው እላለሁ። ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን መጣል መረጃን ማበላሸት ነው፤ አልቀበልም ማለት ግን ሰው እንዲጠይቅ ያደርጋል።

የመጠን ገደቦችም እንዲሁ ናቸው። ፒኤችፒ ለአንድ ፋይል ነባሪው 2 ሜጋባይት፣ ለጠቅላላው ፎርም 8 ሜጋባይት ነው፤ ኢንጂንኤክስ የተባለው የድር ሰርቨር ደግሞ ምንም ካልነገሩት ከ1 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም፣ ስህተት 413 ይመልሳል። ከስልክ የወጣ አንድ ፎቶ አራት አምስት ሜጋባይት ነው። ክፉው ጉዳይ 8 ሜጋባይቱ ሲታለፍ የሚሆነው ነው። ፒኤችፒ ፎርሙን በሙሉ ባዶ አድርጎ ለኮዱ ይሰጠዋል። ኮዱ ቶከኑን ይፈልጋል፤ ቶከኑም አብሮ ጠፍቷል፤ ስለዚህ «የደኅንነት ማረጋገጫው ትክክል አይደለም» ይላል። ችግሩ የፎቶ ክብደት ሆኖ ሳለ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ቶከን ሲመረምሩ ይውላሉ።

በእኛ ፊደል

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 የገባው በ1999 ነው። ዛሬ በየገጹ በምንጠቀምበት ዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የእንግሊዝኛው አንድ ብቻ። ለአንባቢ ለውጥ የለውም፤ ገደብ ለተቀመጠለት ሳጥን ግን ትልቅ ልዩነት ነው።

በማይኤስኪውኤል ውስጥ ቴክስት የሚባለው ዓምድ 65,535 ባይት ይይዛል። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ያ ረጅም መጣጥፍ ነው፤ ለእኛ 21,845 ፊደል ነው፣ ክፍተትና ቁጥር ሲገባበት ትንሽ ይለቃል። የማይኤስኪውኤል 5.7 በጥቅምት 2015 እስኪወጣ ድረስ ነባሪው ባሕርይ የተረፈውን በዝምታ መቁረጥ ነበር። ስለዚህ በልክ በተሠሩ ሲስተሞች ላይ ረጅም የታሪክ ጽሑፍ ሲቀመጥ መጨረሻው በዓረፍተ ነገር መካከል ተቆርጦ ይቀራል፤ ዲቨሎፐሩ በእንግሊዝኛ ሙከራ ጽሑፍ ሲሞክረው ምንም አያገኝም። ዓምዱ ላቲን ተብሎ የተፈጠረ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ፊደሉ በጥያቄ ምልክት ይተካል። በሌላ ፊደል ተበላሽቶ የተነበበ ጽሑፍ አንዳንዴ ይመለሳል፤ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ግን አይመለስም።

አድራሻውም አለ። በድር አድራሻ ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ሦስቱ ባይቶች እያንዳንዳቸው በመቶኛ ምልክትና በሁለት ምልክቶች ስለሚወከሉ ዘጠኝ ቦታ ይይዛል። ዎርድፕረስ ለጽሑፍ አጭር አድራሻ የሰጠው ቦታ 200 ነው። ስለዚህ ከሃያ ሁለት ፊደል በላይ ያለው የአማርኛ ርዕስ አድራሻው ላይ ይቆረጣል፤ በተመሳሳይ ቃላት የሚጀምሩ ተከታታይ ርዕሶችም በአንድ አድራሻ ላይ ተጋጭተው ከኋላቸው ቁጥር ይለጠፍባቸዋል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው አዘጋጆች አድራሻውን በአጭሩ በራሳቸው የሚጽፉት።

ቁልፉ ዝም ሲል

ከ2011 በኋላ ብዙ ማጣሪያ ወደ ብራውዘሩ ገባ። ፋየርፎክስ 4 በመጋቢት 2011 ሲወጣ «ይህ ሳጥን ግዴታ ነው» የሚለውን ራሱ ብራውዘሩ ያረጋግጥ ጀመር። ለጎብኚ ፎርም በጎ ነው። በታብ በተከፋፈለ አድሚን ገጽ ላይ ግን እንዲህ ይሆናል፦ ግዴታ የሆነው ሳጥን በሦስተኛው ታብ ውስጥ ተደብቋል፤ አርታኢው አንደኛው ታብ ላይ ሆኖ ሴቭ ይላል፤ ክሮም ባዶውን ሳጥን ለማሳየት ይፈልጋል፣ ሳጥኑ ስለተደበቀ ግን ማሳየት አይችልም። ፎርሙን አይልክም፣ በማያ ገጹ ላይም አንድ ቃል አያወጣም፤ ምክንያቱን የሚጽፈው በዲቨሎፐር ኮንሶሉ ላይ ብቻ ነው። ሳፋሪ እስከ መጋቢት 2017 ድረስ ይህን ማጣሪያ ስለማያስገድድ ያው ገጽ ማክ ላይ ይሠራ ነበር፤ ዲቨሎፐሩም «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል፣ እውነቱንም ነው።

ሌሎች የዝምታ ምንጮችም አሉ። ፎርም በፎርም ውስጥ አይፈቀድም፤ አንድ ፕለጊን የራሱን ትንሽ ፎርም በትልቁ ውስጥ ቢሰካ ብራውዘሩ የውስጡን መክፈቻ ይጥለዋል፣ የውስጡ መዝጊያም ትልቁን ይዘጋዋል፤ ከዚያ በታች ያለ ሳጥንና ቁልፍ ሁሉ ባለቤት አልባ ይሆናል። ቁልፉን «ሰብሚት» ብሎ የሰየመ ሰውም በጃቫስክሪፕት ፎርሙን ለመላክ ሲሞክር አይሆንለትም፤ የቁልፉ ስም የመላኪያውን ትእዛዝ ሸፍኖታል።

ወደ ኤችቲቲፒኤስ የተደረገው ፍልሰት፣ ሌትስ ኢንክሪፕት በታኅሣሥ 2015 ነፃ ሰርተፊኬት ለሁሉ ከከፈተ በኋላ፣ የራሱን ድርሻ አመጣ። የፎርሙ መድረሻ በአሮጌው አድራሻ ከቀረ ሰርቨሩ በ301 ወደ አዲሱ ይመራዋል፤ ብራውዘሮች ግን በ301 ላይ ፖስትን ገጽ መጠየቂያ ወደሆነው ጌት ይለውጣሉ፣ የተጻፈውም መንገድ ላይ ይቀራል። 307 እና 308 ይህን ይጠብቃሉ፤ ከሁሉም የሚሻለው መድረሻውን ማረም ነው።

በታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዎርድፕረስ 5.0 በአዲሱ አርታኢ መጣ፤ አስቀምጥ የሚለው ቁልፍ ከባህላዊ ፎርም ወጥቶ በኤፒአይ መሥራት ጀመረ። ጽሑፍ መጻፉን አሻሽሏል ብዬ አምናለሁ። በአንጻሩ «መልሱ ትክክለኛ ጄሰን አይደለም» የሚል መልእክት ለጋዜጠኛ አበረከተለት። ከዚያ መልእክት ጀርባ ሰርቨሩ በአዲሶቹ አድራሻዎች አለመዋቀሩ፣ የአንድ ፕለጊን ማስጠንቀቂያ ከመልሱ ፊት መታተሙ፣ ወይም ሞድሴኩሪቲን የመሰለ ፋየርዎል ጽሑፉን ጥቃት ነው ብሎ በ403 ማገዱ ሊሆን ይችላል። ስለ ዳታቤዝ የሚያስተምር ጽሑፍ በውስጡ ያሉት ትእዛዞች ጥቃት ስለሚመስሉ የሚታገድበት ጊዜ አለ።

በየካቲት 2020 ክሮም 80 ኩኪዎችን ከሌላ ድረ ገጽ በሚመጣ ፖስት ላይ በነባሪነት ማቀብ ጀመረ። በሌላ ገጽ ፍሬም ውስጥ የሚከፈቱ አድሚን ፓነሎችና ከክፍያ አገልግሎት ተመልሰው የሚመጡ ፎርሞች ተጠቃሚያቸውን ዘነጉ። ጉግል በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በሚያዝያ አቁሞት በሐምሌ ቀጠለው። በታኅሣሥ 2021 የወጣው ጃንጎ 4.0 ደግሞ የታመኑ አድራሻዎች ከነፕሮቶኮላቸው እንዲጻፉ ጠየቀ፣ የጥያቄውንም መነሻ መመርመር ጀመረ። ከፕሮክሲ ጀርባ ያሉ ብዙ አድሚን ገጾች በዚያ ማሻሻያ ማግስት መግቢያቸው ላይ 403 ገጠማቸው፤ ማስተካከያው አንድ መስመር ነበር። በዚያው ወር የወጣው ሬይልስ 7 ሙሉ ገጹን ሳያድስ ፎርም ከሚልከው ቱርቦ ጋር ሲመጣ፣ ስህተት ያለበትን ፎርም በ200 የሚመልስ ኮድ ሁሉ ገጹ እንዳይንቀሳቀስ አደረገ፤ 422 ብሎ መመለስ ነበረበት።

አሁን አቅጣጫው ቶከኑን ወደ መተው ነው። ብራውዘሮች ጥያቄው ከራሱ ገጽ ይሁን ከሌላ ቦታ ለሰርቨሩ ይናገራሉ፤ ክሮም ከ2019፣ ፋየርፎክስ ከ2021፣ ሳፋሪ ከ2023 ጀምሮ። በነሐሴ 2025 የወጣው የፕሮግራም ቋንቋ ጎ 1.25 በዚህ ላይ የተመሠረተ መከላከያ በመደበኛ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አካቷል። ዕድሜ የሚያልፍበት ቁጥር ከሌለ አርታኢው በማለዳ የከፈተውን ፎርም ማታ መላክ ይችላል። ይህ ለውጥ ቶሎ ቢስፋፋ ደስ ይለኛል፤ በዚህ ዘርፍ ጥበቃውም ምቾቱም አብረው ሲሻሻሉ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው።

ፒኤችፒ ላይ ግን 1000ው፣ 8 ሜጋባይቱ፣ 2 ሜጋባይቱና ሃያ አራት ደቂቃው ዛሬም ነባሪ ናቸው። ስለዚህ በአማርኛ የሚሠራ ድረ ገጽ የሚረከብ ድርጅት ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ራሱ ይሞክረው። አርባ ፊደል ያለው የአማርኛ ርዕስ ይስጠው። ሠላሳ ሺህ ፊደል ያለው ጽሑፍ አስገብቶ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ይፈልግ። ከስልክ የወጣ ፎቶ ሳያሳንስ ይጫን። መቶ መስመር ያለው ሜኑ ይሥራ። ፎርሙን ከፍቶ ምሳውን በልቶ ይመለስና ሴቭ ይበል፤ ዋይፋዩን አጥፍቶም ደግሞ ይበል። አንዱ እምቢ ሲል የብራውዘሩን ኔትወርክ ታብ ከፍቶ ምን እንደተላከና ምን እንደተመለሰ ያንሳና ለዲቨሎፐሩ ይላክለት። ዲቨሎፐሩ ደግሞ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ገጹ ያልተቀበለውን ነገር በስሙ ጠርቶ እንዲናገርና የተጻፈው ጽሑፍ ከነሙሉነቱ በሳጥኑ ውስጥ እንዲቆይ አድርጎ ያስረክብ።